ሁለቱ ሸክላዎች፦ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ኅትመትና የማስረጃ ጥያቄ

በአምስተርዳም ከሚገኙት የሸክላ መሸጫ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን የሚጠይቅ ሰው ሁለት ዓይነት ሸክላ ሊያጋጥመው ይችላል። አንደኛው በላስቲክ ታሽጎ ከሌሎች ጋር የተደረደረው ዳግም ኅትመት ነው። ሁለተኛው፣ ዕድል ቀንቶት ከተገኘ፣ ከሻጩ ጀርባ የሚቀመጠው፣ ሽፋኑ የተላጠና ፊቱ የተጫጫረው የ1970ዎቹ መጀመሪያ ኅትመት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱም ላይ የሚሰማው ያው ሳክስፎን፣ ያው ሽለላ ነው። ዋጋቸው ግን በብዙ እጥፍ ይለያያል፤ ውዱም የተጎዳው ነው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ አሮጌው ሸክላ ሌላም ነገር ይነግረዋል። በመካከሉ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የታተመው ስም ፊሊፕስ ነው። በ1891 በአይንድሆቨን የተመሠረተው፣ አምፖልና ራዲዮ በመሸጥ ዓለምን ያዳረሰው ኩባንያ በአንድ ወቅት የአዲስ አበባን ሙዚቃ በስሙ ያሳትም ነበር።

የመጀመሪያውን ኅትመት ከኋለኛው መለየት አብዛኛውን ጊዜ ለሰብሳቢዎችና ለነጋዴዎች የሚተው ጉዳይ ነው። የአሜሪካን ሶል ሙዚቃ የሚሰበስቡ አውሮፓውያን በዚህ ዕውቀት ላይ ሙሉ ገበያ ገንብተዋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን በኢትዮጵያ ሙዚቃ ረገድ ጉዳዩ ከገበያ የሰፋ ነው የሚል ነው። የኢትዮጵያ ሸክላዎች የታተሙት ከአገር ውጭ ነው። የማተሚያ ብረቶቻቸው በአንድ አገራዊ መዝገብ አልተሰበሰቡም፤ ውሎቻቸውም ተበታትነዋል። ስለዚህ ማን፣ መቼ፣ በማን ስም እንዳስቀረጸ የሚመሰክረው ዋናው ሰነድ ብዙ ጊዜ ራሱ የመጀመሪያው ሸክላ ነው። ይህ ሰነድ በጸጥታ እጅ ከእጅ እየተሸጠ ባለበት ወቅት የሕግ ጥበቃው ዘመን በማለቅ ላይ ይገኛል።

አዋጁ፣ ወጣቱ አሳታሚና የደቹ ኩባንያ

የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ የተቀረጸው ቀድሞ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 በበርሊን ዘፈኖቻቸውን አስቀርጸዋል። ያ ጅምር ግን በአገር ውስጥ ወደ ኢንዱስትሪ አልተሸጋገረም። በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የአዲስ አበባን ሌሊት ሲያደምቁ፣ ከዚያ ሁሉ ሙዚቃ በሸክላ የወጣው እጅግ ጥቂት ነበር።

ይህን አጥር የጣሱት ወጣቱ የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት አምሃ እሸቴ ናቸው። በ1969 ድንጋጌው ገና ሳይሻር አምሃ ሪከርድስን አቋቁመው ማሳተም ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው መካከል የአለማየሁ እሸቴ ዘፈኖች ይገኙበታል። የአሜሪካን ሶልና ሪትም ኤንድ ብሉዝ ከአማርኛ ግጥም ጋር ያዋሐደው ይህ ድምፃዊ በኋላ ‘የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን’ የሚል ቅጽል ወጣለት። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አሳተመ።

በነዚያው ዓመታት ፊሊፕስም የኢትዮጵያ ድምፃውያንን በራሱ ስም ማሳተም ያዘ። የጥላሁን ገሠሠ ዘፈኖች በፊሊፕስ መለያ ወጥተዋል፤ ጌታቸው መኩሪያ በ1972 ያወጡት የሳክስፎን ሸክላም እንዲሁ። ሦስተኛው ዋና አሳታሚ አሊ አብደላ ካይፋ፣ በሕዝብ ዘንድ በሚታወቁበት ስም አሊ ታንጎ፣ በካይፋ ሪከርድስ የማሕሙድ አሕመድን ‘እሬ መላ መላ’ እና የኃይሉ መርጊያንና የዋልያስ ባንድን ‘ጨበለው’ አሳተሙ።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊውና ሳንሱሩ ሌሊቱን ሲያጨልሙት አምሃ በ1975 ተሰደዱ፤ በ1978 ገደማም የሸክላው ዘመን አበቃ። በዚያ አሥር ዓመት ገደማ በኢትዮጵያ አሳታሚዎች የወጣው በጠቅላላው ከ500 ብዙም የማይበልጥ ትንንሽ ሸክላና ወደ 30 ትልልቅ ሸክላ ነው። የእያንዳንዱ አንድ ቅጂ ቢሰበሰብ አንድ ሜትር ተኩል በማይሞላ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ይህን ልኬት አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ የፊሊፕስ ስም ሁለት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ሸክላውን ከገበያ ያስወጣው ካሴት በ1963 በበርሊን የራዲዮ ዐውደ ርዕይ ለዓለም የቀረበ የፊሊፕስ ፈጠራ ነው። ካሴት ፋብሪካ ሳይጠይቅ በሱቅ ውስጥ ይባዛ ስለነበር፣ ከአገር ውጭ ታትሞ በመርከብና በአውሮፕላን የሚመጣ ሸክላ ሊወዳደረው አልቻለም። በ1982 ፊሊፕስ ከሶኒ ጋር ለገበያ ያቀረበው ሲዲም ቆይቶ ያንኑ ሙዚቃ ወደ ዓለም የመለሰ መሣሪያ ሆነ። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የተጓዘባቸው ሦስቱም ተሸካሚዎች የአንድ የደች ኩባንያ አሻራ አለባቸው። በኔዘርላንድስ የምንኖር ሰዎች ግን ይህን እንደ ታሪካችን አካል ቆጥረን አናውቅም።

ብረቱ የት ቀረ?

ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የልዩነቱን ምሥጢር ግማሽ ይገልጣል። በቴፕ የተቀዳው ድምፅ በመጀመሪያ ለስላሳ ልባጥ ባለው ክብ ሰሌዳ ላይ በመቁረጫ መርፌ ይቀረጻል። ከዚያ ሰሌዳ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል የብረት ግልባጭ ይወሰዳል፤ ከግልባጩ ሌላ ብረት፣ ከዚያም ማተሚያው ብረት ይወጣል። የጋለው ፕላስቲክ በሁለት ማተሚያ ብረቶች መካከል ሲጨመቅ ሸክላው ይወለዳል። ማተሚያው ብረት የተወሰነ መጠን ካተመ በኋላ ያረጃል፤ እናት ብረቱ እስካለ ድረስ ግን ሌላ ማውጣት ይቻላል። የአንድ ሙዚቃ ዕድሜ የሚወሰነው ቴፑና እናት ብረቱ በማን እጅ እንደቀሩ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዚያ ዘመን የሸክላ ማተሚያ ፋብሪካ አልነበረም። አምሃ እሸቴ የመጀመሪያዎቹን ቅጂዎች ወደ ሕንድ ልከው አሳተሙ፤ በኋላም ሊባኖስን ተጠቀሙ። ሌሎች አሳታሚዎችም እንዲሁ ወደ ውጭ ይልኩ ነበር። ይህ ማለት ሙዚቃው የአዲስ አበባ ቢሆንም ብረቱ የሌላ አገር ፋብሪካ ንብረት ክፍል ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። አሳታሚው በ1975 ሲሰደድ፣ ቤይሩትም በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ስትገባ፣ የዚህ ሰንሰለት መላላት የሚያስደንቅ አይደለም።

ከአንድ ፋብሪካ በላይ መጠቀም ሌላ ውጤትም አለው። ‘የመጀመሪያ ኅትመት’ የሚለው ስም ራሱ አንድ ነገር ብቻ አያመለክትም። አንድ ዘፈን ተወድዶ ሲያልቅ አሳታሚው በሌላ አገር ደግሞ ሊያሳትመው ይችላል። እንዲህ ያለው ሸክላ የዘመኑ ነው፤ ፈቃዱም የአሳታሚው ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ ኅትመት ነው። ስለዚህ አራት ነገሮችን መለየት ይገባል፦ በዘመኑ መጀመሪያ የታተመው፣ በዘመኑ ደግሞ የታተመው፣ በኋላ ዘመን በፈቃድ የታተመው፣ በኋላ ዘመን ያለ ፈቃድ የታተመው። ገበያው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያምታታል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደግሞ ሳይለይ ጎን ለጎን ይሸጣል።

በእጅ ያለውን ሸክላ ማንበብ

ልምድ ያለው ሰው ሸክላን ሲቀበል መጀመሪያ የሚመለከተው ሽፋኑን አይደለም። ሸክላውን አዘንብሎ ወደ ብርሃን ይይዝና በመጨረሻው ዘፈንና በወረቀቱ መካከል ያለውን ልሙጥ ቀለበት ያያል። በዚያ ቀለበት ላይ በእጅ የተጫረ ወይም በብረት የተመታ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከማተሚያው ብረት የመጣ ስለሆነ እያንዳንዱ ሸክላ ላይ አብሮ ይወለዳል፤ ሽፋን ሊቀየር፣ ወረቀት ሊመሳሰል ይችላል፤ ይህን ቁጥር ግን ያለ አዲስ ብረት መቀየር አይቻልም። የዘመኑ ሸክላ አብዛኛውን ጊዜ የአሳታሚውን መለያ ቁጥርና የፊቱን ምልክት ብቻ ይይዛል። የዛሬ ፋብሪካዎች የራሳቸውን አሻራ ይተዋሉ፤ የፈረንሳዩ ኤም ፒ ኦ ሦስቱን ፊደሎቹን፣ የቼኩ ጂ ዜድ ደግሞ የላቲን ‘ኢ’ ፊደል የሚከተለው የሥራ ቁጥሩን። ከነዚህ አንዱ የታየበት ሸክላ፣ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያረጅ፣ በ1970ዎቹ ለአዲስ አበባ ገበያ የታተመ አይሆንም።

ሽፋኑም የራሱ ምስክርነት አለው። የሽያጭ ባርኮድ በሱቅ መነበብ የጀመረው በ1974 በአሜሪካ ሲሆን በሸክላ ሽፋን ላይ የተለመደው በ1980ዎቹ ነው። የኢትዮጵያ ሸክላ ዘመን ከዚያ በፊት ስላበቃ ባርኮድ ያለበት ሁሉ ዳግም ኅትመት ነው። የድረ ገጽ አድራሻና ‘180 ግራም’ የሚል ማስታወቂያም እንዲሁ። ባርኮዱ ተትቶ የመጀመሪያው ሽፋን በተመሰለበት ጊዜ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ኅትመት ላይ ፊደሎች ጥርት ባለ ሙሉ ቀለም የታተሙ ናቸው። ዳግም አሳታሚው ሽፋኑን ፎቶ አንሥቶ ያባዛው ከሆነ ግን ፊደሎቹም እንደ ሥዕሉ በጥቃቅን ነጥቦች ተበታትነው ይታያሉ፤ የአሮጌው ሽፋን እጥፋትና ጭረት ሳይቀር እንደ ሥዕል አብሮ ይታተማል።

ለአማርኛ አንባቢ ብቻ የተሰጡ ሁለት ፍንጮችም አሉ። የመጀመሪያው የስሞች አጻጻፍ ነው። በዘመኑ አሳታሚዎቻችን ስሞችን በላቲን ፊደል ሲጽፉ የእንግሊዝኛን ልማድ ይከተሉ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ወይም አለማየሁ እሸቴ የሚለው ስም የ‘ገ’ን እና የ‘ለ’ን ድምፅ ለማሳየት ጭረት በተደረገባቸው የፈረንሳይኛ ፊደሎች ከተጻፈ፣ ያ አጻጻፍ በ1997 በፓሪስ ከተጀመረው የ‘ኢትዮፒክስ’ ተከታታይ ኅትመት ጋር የተስፋፋ ነው። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በሽፋን ወይም በወረቀት ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ሲገኝ፣ አማርኛ የማያነብ ሻጭ እንደ አውሮፓ ዓመት ወስዶ ሸክላውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። በ1962 ዓ.ም. የወጣን ሸክላ የ1962 የአውሮፓ ዓመት አድርጎ የመዘገበ ካታሎግ፣ አምሃ ሪከርድስ ከመቋቋሙ በፊት አምሃ ሪከርድስን ሊያገኝ ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለማረም የምንችለው እኛ ነን።

የመጨረሻው ፈተና ጆሮ ነው። ማስተር ቴፕ ያላገኘ አሳታሚ አሮጌ ሸክላ አጫውቶ ድምፁን ይቀዳል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ይታወቃል። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ትንሽ ሸክላ ላይ ያለ ጭረት በየ1.33 ሴኮንዱ ይንኳኳል፤ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞር ትልቅ ሸክላ ላይ ያለ ጭረት ደግሞ በየ1.8 ሴኮንዱ። አዲስ በተገዛ ትልቅ ሸክላ ላይ በየ1.33 ሴኮንዱ የሚደጋገም ስስ ኳኳታ ከተሰማ፣ ምንጩ ቴፕ ሳይሆን የአንድ ሰው ትንሽ ሸክላ እንደነበረ ራሱ ሸክላው መሰከረ። ማጫወቻው በመጠኑ ፈጥኖ ከነበረም ዜማው ከፍ ይላል፤ ሦስት በመቶ ያህል ፍጥነት የግማሽ ድምፅን ግማሽ ያህል ከፍ ያደርጋል። ቅኝቱ በዚህ አይፈርስም፤ የድምፃዊው ዕድሜና የድምፁ ክብደት ግን ይቀየራል። ለሙዚቃ ጥናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዳግም ኅትመት ያስገኘው

እስካሁን የተባለው ዳግም ኅትመትን እንደ ሐሰተኛ ምስክር እንድናይ ሊያደርገን አይገባም። ያለ ዳግም ኅትመት ይህ ሙዚቃ ዛሬ በአውሮፓ አይሰማም ነበር። በ1986 በብራስልስ የሚገኘው ክራምድ ዲስክስ ከካይፋ ሥራዎች የተውጣጣውን የማሕሙድ አሕመድን ‘እሬ መላ መላ’ ለአውሮፓ አድማጭ አቀረበ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ‘ኢትዮፒክስ’ን ጀመሩ። የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች የያዘው አራተኛው ቅጽ በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ‘ብሮክን ፍላወርስ’ ውስጥ ሲሰማ ዓለም ኢትዮ ጃዝን አወቀ።

የጌታቸው መኩሪያ ታሪክ ደግሞ በቀጥታ ወደ አምስተርዳም ይመራል። በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ የጀመሩት፣ የጦር ሜዳውን ሽለላ በሳክስፎን ያናገሩት እኚህ ሰው፣ የ1972ቱ የፊሊፕስ ሸክላቸው በ‘ኢትዮፒክስ’ 14ኛ ቅጽ ሆኖ በሲዲ ወጣ። በ2004 የአምስተርዳሙ ‘ዘ ኤክስ’ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋበዛቸው። በዚያ ምሽት አብሯቸው የተጫወተው በ1967 የተመሠረተው የደቾቹ የፈጠራ ሙዚቃ ስብስብ አይ ሲ ፒ ነበር። ከዚያ ግንኙነት በ2006 ‘ሞዓ አንበሳ’ የተሰኘው አልበም ተወለደ፤ በ2012 ደግሞ ‘የአንበሳው ትዝታ’ ተከተለ። ጌታቸው በሰባዎቹ ዕድሜያቸው በአውሮፓ መድረኮች ተደምጠዋል፤ በ2016 አረፉ። አንድ የደች ኩባንያ በ1972 ያሳተመው ድምፅ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ ባለቤቱን ወደ አምስተርዳም አመጣው።

ስለዚህ ዳግም ኅትመት ሙዚቃውን ሕያው ያደርጋል፤ የመጀመሪያው ኅትመት ደግሞ ማስረጃውን ይጠብቃል። ችግር የሚፈጠረው አንዱ የሌላውን ቦታ ሲወስድ ነው። ዳግም ኅትመት በአዲስ ሽፋን ላይ ዘፈኖችን እንደገና ይደረድራል፣ ርዕስ ይተረጉማል፣ ዓመት ይገምታል፣ የዜማና የግጥም ደራሲን ስም አንዳንዴ ይጨምራል፣ አንዳንዴ ይጥላል። በድረ ገጽ ካታሎግና በሙዚቃ ማስተላለፊያ መድረኮች ላይ የሚገባው መረጃ የሚቀዳው ከዚህ አዲስ ሽፋን ነው፤ ከአንድ ትውልድ በኋላም ግምቱ ታሪክ ይሆናል።

የ50 ዓመቱ ሰዓት

ማስረጃው ለምን አሁን አስቸኳይ እንደሆነ የሚያሳየው ሕጉ ነው። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/2004 ለድምፅ ቅጂ አሳታሚዎችና ለከዋኞች የሚሰጠው ጥበቃ 50 ዓመት ነው። ለዜማና ለግጥም ደራሲ ግን የኢኮኖሚ መብቱ በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ባሉት 50 ዓመታት ይጸናል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በሸክላዎቹ ላይ እናስቀምጣቸው። በ1969 የታተመ የአምሃ ሸክላ የአሳታሚነት ጥበቃው በ2019 ገደማ አብቅቷል። የ1975ቱ በ2025 ገደማ ያበቃል፤ የመጨረሻዎቹ የ1978 ሸክላዎች በ2028 ገደማ። የአሥር ዓመቱ ሙዚቃ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ በዓይናችን ፊት፣ ከአሳታሚው ጥበቃ ይወጣል። የደራሲው መብት ግን ገና ረጅም ዕድሜ አለው። ጌታቸው መኩሪያ ራሳቸው ለደረሱት ዜማ የወራሾቻቸው መብት እስከ 2066 ገደማ ይዘልቃል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ከእንግዲህ ዳግም አሳታሚ የሚጠየቀው በዋናነት የደራሲውን ፈቃድ ነው። ደራሲው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ የሚጠይቀው ሰው የለም። የትንሽ ሸክላ ወረቀት ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ የድምፃዊው ስም ጎልቶ የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ስም ወደ ዳር ይገፋል ወይም ይቀራል። ያለው ጥቂቱ መረጃ የሚገኘው ግን በዚያው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱን ያጣ ቤተሰብ የይገባኛል ጥያቄውን የሚጀምርበት ነገር የለውም።

ፊሊፕስ የታተመበት ሸክላ ጥያቄውን ይበልጥ ያወሳስበዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ባወጣው መመሪያ የድምፅ ቅጂ ጥበቃን ከ50 ወደ 70 ዓመት ከፍ አድርጓል። ባለመብቱ የኅብረቱ ዜጋ ካልሆነ ግን መርሁ በጥቅሉ ጥበቃው በባለመብቱ አገር ካለቀ በኅብረቱም እንዲያልቅ ነው። እንግዲህ በ1972 በፊሊፕስ ስም የወጣው ሸክላ ባለመብት ማን ነበር? አዲስ አበባ የተቋቋመ ድርጅት ከሆነ ጥበቃው ከ2022 ገደማ ወዲህ የለም። የኔዘርላንድስ ኩባንያ ከሆነ ግን እዚህ አገር እስከ 2042 ሊዘልቅ ይችላል፤ መብቱም ምናልባት ፊሊፕስ በ1998 ፖሊግራምን ለሲግራም ከሸጠ በኋላ የዛሬው ዩኒቨርሳል ውስጥ ሊፈለግ ይገባል። ሁለት በአንድ ዓመት፣ በአንድ ከተማ፣ ምናልባትም በእነዚያው ሙዚቀኞች የተቀዱ ሸክላዎች፣ አንዱ አምሃ ሌላው ፊሊፕስ ስለተባለ ብቻ የሃያ ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ የሚጀመረው በክብ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ከታተመው ጥቃቅን ጽሑፍና ከውሉ ነው። ዳግም ኅትመት ይህን ጠርዝ አይደግመውም፤ ከደገመውም እንደ ጌጥ ነው።

ምን ይደረግ?

ብዙዎች በቅድሚያ የሚያነሡት ሐሳብ ሸክላዎቹ ከኢትዮጵያ እንዳይወጡ ይከልከል፣ የወጡትም ይመለሱ የሚል ነው። ስሜቱ ይገባል፤ የብራና መጻሕፍት ታሪክ ያስተማረን ቁጭት ነው። ነገር ግን ሸክላ እንደ ብራና ነጠላ አይደለም። በብዙ ቅጂ የታተመ፣ ከነጋዴ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ፣ ስደተኛ በሻንጣው ይዞት የወጣ ዕቃ ነው። ክልከላ ንግዱን ወደ ድብቅ ገበያ ከመግፋት በቀር ብዙ አይፈይድም፤ ድብቅ ገበያ ውስጥ የገባ ሸክላም ቁጥሩ አይነበብም። አስቀድሞ መዳን ያለበት መረጃው ነው።

እዚህ ላይ ነው የመደርደሪያው ልኬት የሚጠቅመን። የሚመዘገበው ነገር ከስድስት መቶ ርዕስ አይበልጥም። ለእያንዳንዱ የሁለቱ ፊቶች ወረቀት፣ የልሙጡ ቀለበት ቁጥርና የሽፋኑ ጀርባና ፊት በጥራት ፎቶ ቢነሣ፣ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ዓመቱ ቢጻፍ፣ ስሞቹም እንደታተሙት በግዕዝ ፊደል ቢቀመጡ፣ ሥራው የጥቂት ሰዎች የአንድ ዓመት የቅዳሜ ሥራ ነው። በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በሄግ ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ይህን ለመጀመር የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም። ሸክላዎቹ ያሉት በሱቅ ብቻ አይደለም፤ በወላጆቻችን ሳሎን፣ ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቶ በነበረበት ቁም ሣጥን ውስጥም ናቸው።

ሁለተኛው እርምጃ ተቋማዊ ነው። ኔዘርላንድስ በሕግ የተደነገገ የኅትመት ማስረከብ ግዴታ የላትም፤ በሄግ የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚቀበለው በአሳታሚዎች ፈቃደኝነት ነው። በሂልቨርሱም የሚገኘው የድምፅና የምስል ተቋም ደግሞ የአገሪቱን የድምፅ ቅርስ ያከማቻል። ፈቃደኝነት ላይ የቆመ ሥርዓት ለጠየቀው በሩ ክፍት ነው፤ ለዝምተኛ ግን ምንም አያመጣም። የምንጠይቀውም ግልጽ መሆን አለበት፦ በፊሊፕስ ስም ለኢትዮጵያ የታተሙ ሸክላዎች ዝርዝር፣ ውሎችና የፋብሪካ መዝገቦች በኩባንያው የቀድሞ መዛግብት ውስጥ ይፈለጉ፤ ግልባጫቸውም አዲስ አበባ ለሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ። ይህ የወረራ ዘመን ዝርፊያ የማስመለስ ክርክር ስላልሆነ ፖለቲካው ቀላል ነው፤ አንድ ኩባንያ የሠራውን ሥራ መዝገብ ማካፈል ብቻ ነው።

ሦስተኛው ለዳግም አሳታሚዎች የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ድምፁ ከቴፕ ወይስ ከሸክላ እንደተወሰደ፣ የየትኛው ኅትመት ቅጂ እንደሆነ፣ ፈቃዱ ከማን እንደተገኘ በሽፋኑ ላይ ሦስት መስመር ይጻፉ። ሐቀኛ አሳታሚ ይህን ለማድረግ አይቸገርም፤ ብዙዎቹም ከፊሉን ያደርጉታል። እኛ ገዢዎቹ እስካልጠየቅን ድረስ ግን ልማድ አይሆንም። የሰሜን ባሕር ጃዝ ፌስቲቫል ከ1976 ጀምሮ በሄግ፣ ከ2006 ወዲህ ደግሞ በሮተርዳም በየዓመቱ ይካሄዳል። ሙዚቃን በቁም ነገር የሚሰማና የሚገዛ ሕዝብ ባለበት አገር ይህን ጥያቄ የሚሰማ ጆሮ አይጠፋም።

የመጀመሪያውን ኅትመት ለመለየት የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ዋጋው ነው። ያ ዕውቀት ግን ለሌላም ይሆናል። በሚቀጥለው እሑድ ቡና ሲፈላ ከወላጆችዎ ሸክላዎች አንዱን አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ቢይዙት፣ በልሙጡ ቀለበት ላይ ያለውን ቁጥርና በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ ጽፈው ቢያስቀምጡ፣ በሌላ መዝገብ ምናልባት የማይገኝ መስመር አተረፉ ማለት ነው።